የአስናቀች መስመር

አንድ ሰው ነበር። መቀመጥ የማይችል ሰው።

ታውቁታላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው። እንግድነት ሄዶ ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ነው የሚያርፈው። ገበታ ሲቀርብ ቆሞ ይጎርሳል። እናንተ ገና "እንዴት ሰነበትክ?" ስትሉት እሱ "በሉ እንግዲህ ልሂድ" ይላል። ስሙ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሸብር! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ?

አትሳቁ። አሁን ከመካከላችሁ ሰረቅ አድርጎ ሰዓቱን ያየ ሰው አይቻለሁ። ገና አልጀመርኩም እኮ!

አሸብር የይርጋጨፌ ልጅ ነው፤ ቡና ገበሬ ቤት የተወለደ። ከይርጋጨፌ ዲላ ሄደ። ከዲላ ሐዋሳ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፤ እዚያ አስናቀችን አገባ። ከዚያ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ካናዳ። ካናዳ ገብቶስ አረፈ? አላረፈም። ከከተማ ወደ ከተማ ይዟት ዞረ። አንዱ ከተማ ሥራው አልተስማማውም። አንዱ ጎረቤቱ። አንዱ ደግሞ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ነፋሱ። ለአሸብር ጥሩው ቦታ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቦታ ነው።

አስናቀች ታሽጋለች፣ ትፈታለች። ታሽጋለች፣ ትፈታለች። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶኖቹን አሸብር አይጥላቸውም። አጣጥፎ፣ በገመድ አስሮ፣ ምድር ቤት ያስቀምጣቸዋል። "ይጠቅሙናል" ይላል። እነዚህን ካርቶኖች ልብ በሉልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ "አስኒ፣ አገኘሁት!" አላት። "ምኑን?" "እርሻውን!" አላት።

እኔ ከማገለግልባት ከተማ በመኪና ወጣ ሲሉ ሜዳ ነው። ሜዳ ስላችሁ የእኛን ሜዳ እንዳታስቡ፤ ተራራ የሚባል የለም፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ስንዴ፣ ሰማይ፣ ነፋስ። የክረምቱ ብርድ ምራቅ ያደርቃል። በዚያ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም ቤተሰቦች አሉ፤ አባት፣ እናትና ልጅ ሆነው ብርድ የሚችል የፍራፍሬ ቁጥቋጦ ተክለው የሚኖሩ። እንጆሪ ይተክላሉ። ቼሪ ይተክላሉ። ቼሪ አታውቁም? ታውቃላችሁ! የልደት ኬክ አናት ላይ የምትቀመጠዋ፣ ልጆቻችሁ የሚጣሉባት ቀይ ፍሬ። እሷ ናት። የከተማው ሰው በበጋ ቅርጫቱን ይዞ ይመጣና ራሱ እየቀጠፈ ይገዛል። አሸብር ያገኘው እንዲህ ያለ መሬት ነው።

አስናቀች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

"አሼ፣ እመጣለሁ። ግን ዛሬ ስማኝ። ይህ ለእኔ የመጨረሻዬ ነው። ልጃችን ፌቨን ሁለት ዓመት የተማረችበት ትምህርት ቤት የለም። እኔም የጎረቤት ስም መልመድ ሰልችቶኛል፣ ስለምደው ትነቅለኛለህ። ከዚህ በኋላ ካርቶን ብታወጣ የምታሽገው የራስህን ልብስ ብቻ ነው። እኔና ልጄ ከዚያ አንነሳም።"

አሸብር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ተከሉ። ቼሪውን በረድፍ በረድፍ፣ በዳር በዳሩ እንጆሪ። ከተከሉ በኋላ ምን ይደረጋል? ይጠበቃል። አዬ አሸብር! ጠዋት ይወጣና ያያል። ማታ ይወጣና ያያል። ሥር ሰድዶ እንደሆነ ልይ ብሎ ነቅሎ ያየው ችግኝ አለ። አዎ፣ ነቅሎ! አይቶ መልሶ ተከለው፤ ደረቀ። አስናቀች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "እስኪሄድ ማን ይጠብቀዋል? ጠብሰሽ አቅርቢው" ይላታል።

ከዓመታት በኋላ አንድ በጋ አበባው ፍሬ ያዘ። መጀመሪያ አረንጓዴ። ቀጥሎ ቢጫ ቢጤ። ከዚያ አንድ ጠዋት አሸብር ሲወጣ ሜዳው ላይ ቀይ መብራት የተለኮሰ ይመስል ነበር። ቀላ! ረድፉ ሁሉ ቀላ!

እናንተ ከቡና አገር የመጣችሁ፣ "ቀላ" የምትለዋ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ቡና ቀላ ማለት ደረሰ ማለት ነው። ደረሰ ማለት ተነሱ፣ ቅርጫት አምጡ፣ ልጆቹን ቀስቅሱ ማለት ነው። እሸት ቡና አያድርም፤ በለቀማችሁበት ቀን ወደ መፈልፈያው ካልደረሰ ተበላሸ። የአሸብር አባት "ቀልቶ ያደረ የወፍ ነው" ይሉት ነበር። ይህን ቃል ይዞ ነው ያደገው። ይህን ቃል ይዞ ነው ያን ሁሉ አገር የዞረው።

ችግኙን የሸጠላቸው ሰው መቼ እንደሚቀጠፍ ነግሯቸው ነበር። "ቀይ ሲሆን አይደለም፤ ቀይነቱ ሲጠቁር ነው" ብሏቸዋል። አሸብር ግን "ቀይ" የምትለዋን ሰምቶ የቀረውን ለሜዳው ነፋስ ተወለት። እኛስ ስብከት የምንሰማው እንዲህ አይደለም እንዴ?

ያኔውኑ ስልክ ደወለልኝ። "ፓስተር፣ ማስታወቂያ ንገርልኝ። የፊታችን እሁድ በኩራቴን አመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይቀምሳል። የወደደ ደግሞ በማግስቱ እርሻዬ መጥቶ ይልቀም።" እኔም ደስ ብሎኝ ነገርኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አያችሁ? አሸብር ቀኑን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ቁጥቋጦውን ግን አልጠየቀውም።

ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስት ረድፉ መካከል ቆመዋል። አስናቀች አንዷን ፍሬ ቀጥፋ ቀመሰችና ፊቷን ቋጠረች።

"አሼ፣ ገና ነው።"

"ምን ገና ነው? ቀልቷል እኮ! ዓይንሽ አያይም?"

"ዓይን ምን ያውቃል? አፍህን ጠይቀው።"

"እህል አልቀመስኩም፤ አፌ አሁን ምንም አይለይም። አስኒ፣ በረዶ ይመጣል ብለዋል በሬዲዮ። ወፎቹንስ አላየሽም? ለሰው ተናግሬያለሁ! ነገ ባዶ እጄን ልግባ?"

"ባዶ እጅህን ብትገባ ምን አለ? 'አልደረሰም' በላቸው።"

ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ልብ በሉ። "አልደረሰም።" ለአሸብር ይህችን ቃል በሰው ፊት ከመናገር እርሻውን በሙሉ ማራገፍ ቀለለው። ባልዲውን አንስቶ ጀመረ። ያራግፋል፣ ይሮጣል፣ ያራግፋል። አስናቀች ሮጣ መጨረሻው ረድፍ ፊት ቆመች፤ ከቤቱ መስኮት የምታየው ረድፍ ፊት።

"ይህ የእኔ ነው" አለች። "ይህን አትንካ።"

"ጀንፈል ሆኖ ሲቀር ታያለሽ።"

"ይቅር። የእኔ ነው የሚቀረው።"

ጀንፈል የምንለው ዛፉ ላይ ደርቆ ጠቁሮ የቀረውን ቡና ነው። እንዲያ ይሆንብሻል ማለቱ ነው። ተዋት። መሸ። በረዶውስ? መንገዱን ስቶ ሌላ ቦታ ወረደ።

እሁድ ደረሰ። ባልዲ በባልዲ ገባ። ቀዩን ስታዩት ያምራል፤ ኬክ ላይ ያለችው ነው የሚመስለው። ጸለይንበት፣ ባረክነው፣ አደልነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ጨዋ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ይጣፍጣል፣ ተባረክ" ይላል። እኔ ራሴ አንዷን ዋጥ አድርጌ መንጋጋዬን ይዤ ቆምኩ። አንድ እናት አሉን፣ እማማ ብርቄ የሚባሉ፤ እሳቸው ሐሰት አይችሉበትም። ቀመሱና መሐረባቸው ላይ መለሱት። ከዚያ አሸብርን በእናትነት ዓይን አይተው "ልጄ፣ ይሄ ፍሬ ነው ወይስ የኮምጣጤ ዘር ነው?" አሉት።

አዳራሹ ሳቀ። አሸብር አልሳቀም። በማግስቱ እርሻው የመጣ ሰው አልነበረም።

አሁን ምን ያደርጋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሙዝ ጥሬ ከሆነ ጭድ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። አቮካዶ ከጠጠረ በጋዜጣ ትጠቀልሉታላችሁ። አሸብርም የእኛው ልጅ አይደል? የቀረውን ፍሬ በሙሉ በጋዜጣ ጠቀለለ። ወጥ ቤቱ ጋዜጣ፣ ምድር ቤቱ ጋዜጣ፣ የፌቨን አልጋ ሥር ጋዜጣ። በየሰዓቱ ይፈታና ያያል። ቼሪ ግን ሙዝ አይደለም! ቼሪ ከግንዱ ከተለየ አንዲት ጠብታ ጣዕም አይጨምርም። በተቀጠፈበት ሰዓት የነበረውን ነው። ቀይ ከሆነ ቀይ፣ ጎምዛዛ ከሆነ ጎምዛዛ። ጋዜጣውን ሲፈታው ሻጋታ ነው ያገኘው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን። አሸብር ግን ለቅሞ አፈሰሰ። ባልዲውን ሁሉ ወስዶ እርሻው ጥጋት ላይ ደፋው።

ከዚያ ምድር ቤት ወረደ። ሲወጣ ምን ይዞ ነበር? ካርቶኖቹን።

"ይሄ መሬት አይሆንም" አለ። "አፈሩ ነው፣ ብርዱ ነው። ማዶ በባሕሩ በኩል ሞቃት አገር አለ አሉ..."

ፌቨን ከደረጃው ላይ ቆማ "አባ፣ አስተማሪዎቹ እኮ ስሜን በትክክል መጥራት የለመዱት አሁን ነው" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ የካርቶኖቹን ገመድ መፍታት ጀመረ።

አስናቀችስ? ጮኸች? አልጮኸችም። መኝታ ቤት ገብታ የእሱን ሱፍ ልብስ ከመስቀያው አወረደች። የሠርጉን ሱፍ። እጅጌውን አስተካክላ አጠፈችውና የመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ አስቀመጠችው። "ነግሬህ ነበር" አለችው። "ይሄ የአንተ ነው። ሌላው አይነካም።"

እንደምትቀልድ ጠብቆ ፊቷን አየ። ቀልድ አልነበረበትም። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው የፈራው። አገር ለአገር ሲዞር ያልፈራ ሰው፣ አንድ ሱፍ ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ ሲያይ ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይቆጣል።

"ለምን ብለሽ ነው የምትቀሪው? ለዚያ መስመርሽ? አይቼዋለሁ! ጠቁሯል! ጀንፈል ሆኗል አላልኩሽም?"

"ና" አለችው።

ወጡ። ነፋሱ ያንን ሜዳ ያርሰዋል። የተራገፉትን ረድፎች አልፈው ከመጨረሻው ደረሱ። እውነትም ጠቁሯል። ቀይ የሚባል የለም፤ ፍሬው ሁሉ ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ከብዶ ቅርንጫፉን አጎንብሶታል። አሸብር እጁን ዘርግቶ "አየሽ?" ሊል አፉን ሲከፍት አስናቀች አንዷን ቀጥፋ አጎረሰችው።



አኘከ። ፍሬዋን ዋጣት። ሌላ ራሱ ቀጠፈ። ሌላ ጨመረ። ጭማቂው በጺሙ ወረደ። ከዚያ ያ መቀመጥ የማይችል ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። በጫፉ አይደለም። ሙሉ ለሙሉ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ አለ።

"አስኒ።"

"አቤት።"

"ሌላውም እንዲህ ይሆን ነበር?"

"ያው ችግኝ ነው፣ ያው አፈር" አለችው። "ይሆን ነበር።"

አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ያንን ፍሬ ማን አጠፋው? ወፍ ነው? አይደለም። በረዶ ነው? በረዶው አልመጣም። ዲያብሎስ ነው? እባካችሁ፣ ሁሉን በዲያብሎስ አታሳብቡ፤ እሱም የራሱ ሥራ አለው። ያንን ፍሬ ያጠፋው ባለቤቱ ነው። የተከለው እጅ ነው ያራገፈው።

"ፓስተር፣ ቡና እኮ ሲቀላ ነው የሚለቀመው" የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው! አባቱ አልዋሹም። የአባቱ ቃል ለቡና እውነት ነበር። የአሸብር ስሕተት አባቱን መስማቱ አይደለም፤ ፊቱ የቆመው ዛፍ ምን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። ጎረቤታችሁ ባገባ በዓመቱ ወለደ፤ የእሱ ቡና ነው። እናንተስ? ቼሪ ብትሆኑስ? የእህታችሁ ጸሎት በሳምንቱ ተመለሰ፤ የእሷ ቡና ነው። የእናንተው ገና ቀይ ነው። ቀይ መሆኑ ደረሰ ማለት አይደለም። እግዚአብሔር ለሌላው በሠራበት ቀን አትለኩት።

ስንቶቻችሁ ቀይ ለቅማችኋል? ሴት ልጃችሁን "ጊዜዋ ደርሷል" ብላችሁ፣ ሰው ምን ይላል ብላችሁ የዳራችሁ። ትናንት የዳነውን ልጅ ድምፁ አማረ ብላችሁ ዛሬ መድረክ ላይ ያወጣችሁ። ሰኞ ጸልያችሁ ማክሰኞ "ጌታ ዝም አለኝ" ያላችሁ። ሥር ሰድዶ እንደሆነ ልይ እያላችሁ እምነታችሁን በየጠዋቱ የምትነቅሉ። ከዚያ ሲጎመዝዝ በጋዜጣ እንጠቀልለዋለን። ሰው እንዳያይ አልጋ ሥር እንገፋዋለን። ጋዜጣ ግን አያበስልም! ግንዱ ነው የሚያበስለው። ከግንዱ የቆረጣችሁትን የትኛው ጭድ፣ የትኛው ጋዜጣ ይመልስላችኋል?

ከባዱ መጠበቁ ብቻ አይደለም። ከባዱ በሰው ፊት "አልደረሰም" ማለቱ ነው። ዘመድ ሲጠይቃችሁ፣ ጓደኛ ሲጠይቃችሁ፣ "አልደረሰም" በሉ። አታፍሩ። አብራችሁኝ በሉት፦ አልደረሰም። አሁንም በሉት። አልደረሰም! አያችሁ? ማንም አልሞተም።

ሁሉን ያራገፋችሁ ደግሞ አላችሁ። "ፓስተር፣ እኔ ጨርሻለሁ፣ ባልዲው ጥጋት ላይ ተደፍቷል" የምትሉ። እኔ እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው የጠበቀላችሁ አንድ መስመር የለም? እጃችሁ እንዳይነካው አንድ ሰው ፊቱ የቆመለት? ሚስት ይሆናል። እናት ይሆናል። ጌታ ራሱ ይሆናል፤ ስትሮጡ ፊታችሁ ቆሞ "ይህን አትንካ" ያላችሁ፣ እናንተም "ከለከለኝ" ብላችሁ ያኮረፋችሁት። ሂዱና እዩት። ጠቁሯል ብላችሁ የተዋችሁት ነገር ደርሶ ይሆናል።

አሁን ካርቶኖቹ። ረሳኋቸው ብላችሁ ነበር?

በቀጣዩ ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሸብር ረድፎቹ መካከል ተንበርክኮ አገኘሁት። ካርቶኖቹን ዘርግቶ በቢላዋ እየቆረጠ ከቁጥቋጦዎቹ ሥር ያነጥፋቸዋል፤ አረም እንዳይበቅል፣ እርጥበት እንዲይዝ። ነፋስ እንዳያነሳቸው በየጠርዛቸው ድንጋይ ይጭናል። አንዳንዶቹ ዝናብ አርሷቸው መሬት ሆነዋል። የድሮ ጽሑፋቸው ግን ይነበብ ነበር፤ በአስናቀች እጅ "የወጥ ቤት"፣ "የፌቨን ጫማ" ይላል። ሱፉን ማን መልሶ እንደሰቀለው አልጠየቅሁም።

"አሸብር፣ እንደገና ብትሄዱስ ካርቶን ከየት ታመጣለህ?" አልኩት ለቀልድ።

ቀና ብሎ አየኝና "ፓስተር፣ አየኸው አይደል፤ እየበሰበሰ ነው እኮ" አለኝ።

እናንተስ? ትዳር ውስጥ ሆናችሁ፣ ምድር ቤት ግን ካርቶን ያኖራችሁ። አገልግሎት ውስጥ ሆናችሁ፣ "ካልተመቸኝ እሄዳለሁ" ብላችሁ ገመዱን ያዘጋጃችሁ። "ጌታ ሆይ፣ ያንተ ነኝ" እያላችሁ፣ ካርቶን አጣጥፋችሁ ያስቀመጣችሁ። ለማንም አታሳዩትም፤ ጌታና እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። የሚወዷችሁም ያውቁታል፤ ያቺ የአስናቀች ዝምታ እኮ ካርቶን ያለበትን ቦታ የምታውቅ ሴት ዝምታ ነበር።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ካርቶናችሁን አውጡት፣ ቁረጡት፣ ከዛፋችሁ ሥር አንጥፉት። ድንጋይ ጫኑበት። ዝናቡ ይውረድበት።

ከዚያ ቁጭ በሉ።